ጆሴፍ ፑሊትዘር፦ ጠመንጃን፣ ብዕርን እና የምክር ቤት ወንበርን የሞከሩት ስደተኛ

በየዓመቱ በኒው ዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው የፑሊትዘር ሽልማት በአሜሪካ ጋዜጠኝነት ከፍተኛ ከሚባሉት ክብሮች አንዱ ነው። የሽልማቱ መሥራች ግን አሜሪካ ሲገቡ እንግሊዝኛ በቅጡ የማይናገሩ የ17 ዓመት ስደተኛ ነበሩ። ጆሴፍ ፑሊትዘር በ64 ዓመት የሕይወት ዘመናቸው ወታደር፣ ጋዜጠኛ እና ሕግ አውጪ ሆነዋል። እስከ ዕለተ ሞታቸው የጸኑት ግን በጋዜጠኝነቱ ብቻ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ወታደሩ

ፑሊትዘር የተወለዱት ሚያዝያ 10 ቀን 1847 በሃንጋሪ፣ ማኮ በተባለች ከተማ ከአይሁዳውያን ቤተሰብ ነው። እህል ነጋዴ የነበሩት አባታቸው ሲሞቱ ቤተሰቡ ለችግር ተጋለጠ። ወጣቱ ጆሴፍ በአውሮፓ ለውትድርና ቢያመለክቱም ዓይናቸው ደካማ፣ ሰውነታቸውም ቀጭን ስለነበር ተቀባይነት አላገኙም።

በዚያን ጊዜ አሜሪካ በእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ነበረች። የሰሜኑን ጦር የሚያጠናክሩ መልማዮች በጀርመን ወደቦች ሳይቀር ሰው ይፈልጉ ነበር። ፑሊትዘር በዚሁ መንገድ በ1864 ባሕር ተሻግረው፣ የጀርመንኛ ተናጋሪዎች በብዛት በሚገኙበት በአንደኛው የኒው ዮርክ ፈረሰኛ ክፍለ ጦር ውስጥ ገቡ። አገልግሎታቸው ከአንድ ዓመት ያነሰ ነበር። ጦርነቱ በ1865 ሲያበቃ እንደ ብዙዎቹ ከሠራዊቱ የተሰናበቱ ወታደሮች ሥራ አጥ ሆኑ።

ጋዜጠኛው

ብዙ ጀርመናውያን ስደተኞች ወደሚኖሩባት ሴንት ሉዊስ ከተማ ተጉዘው በቅሎ ጠባቂ፣ አስተናጋጅ እና የጉልበት ሠራተኛ ሆነው ሠሩ። ትርፍ ጊዜያቸውን በከተማዋ ቤተ መጻሕፍት እያሳለፉ እንግሊዝኛና ሕግ አጠኑ፤ በ1867 የአሜሪካ ዜግነት አገኙ። በ1868 ቬስትሊሸ ፖስት የተባለው የጀርመንኛ ጋዜጣ በዘጋቢነት ቀጠራቸው። ከጋዜጣው ባለቤቶች አንዱ ካርል ሹርትስ ነበሩ። ሹርትስ በእርስ በርስ ጦርነቱ በጄኔራልነት የተዋጉ ጀርመን ተወላጅ ሲሆኑ፣ በተከታዩ ዓመት የአሜሪካ ሴናተር ሆነዋል። ወጣቱ ዘጋቢ ከእርሳቸው የጋዜጣንና የፖለቲካን ቁርኝት ተማሩ።

ሕግ አውጪው

በ1869 መገባደጃ በተደረገ የማሟያ ምርጫ ፑሊትዘር የሚዙሪ ግዛት ምክር ቤት አባል ሆነው ተመረጡ። ሕጉ የሚጠይቀው ዕድሜ 24 ሆኖ ሳለ እርሳቸው ገና 22 ዓመታቸው ነበር። የጋዜጣ ሥራቸውንም አላቆሙም፤ በምክር ቤቱ እየተከራከሩ ስለዚያው ምክር ቤት ይዘግቡ ነበር።

ሁለቱን ሥራዎች መደረባቸው ብዙም ሳይቆይ መዘዝ አመጣ። ከሴንት ሉዊስ አስተዳደር ጋር የጥቅም ትስስር አለው ብለው የከሰሱት አንድ የሥራ ተቋራጭ በጥር 1870 በሰው ፊት ሐሰተኛ ብሎ ሰደባቸው። ፑሊትዘር ሽጉጥ ይዘው ተመልሰው እግሩን አቆሰሉት። በገንዘብ ቅጣት ታለፉ እንጂ ፍጻሜው የከፋ ሊሆን ይችል ነበር።

በ1878 የከሰረውን የሴንት ሉዊስ ዲስፓች ጋዜጣ በጨረታ በ2,500 ዶላር ገዝተው ከሌላ ጋዜጣ ጋር በማዋሃድ ፖስት ዲስፓች አሉት። በ1883 ደግሞ በኪሳራ ላይ የነበረውን የኒው ዮርኩን ዎርልድ ከባለሀብቱ ጄይ ጉልድ በ346,000 ዶላር ገዙ። ጋዜጣውን በቀላል ቋንቋ፣ በሥዕልና በሙስና ምርመራ ሞልተው ለሠራተኛውና ለስደተኛው አቀረቡት፤ የሚሸጠውም ቅጂ በፍጥነት ጨመረ።

በ1884 ከኒው ዮርክ ለአሜሪካ ኮንግረስ ተመረጡ። መጋቢት 1885 ወንበራቸውን ቢይዙም የጋዜጣው ሥራ ፋታ ስላልሰጣቸው በሚያዝያ 1886 በገዛ ፈቃዳቸው ለቀቁ። የእንደራሴነት ዘመናቸው ከ13 ወር ጥቂት ቢያልፍ ነው።

ከወንበር ይልቅ ጋዜጣ ምን ሊሠራ እንደሚችል ያሳየው ሌላ ክንውን ነበር። ፈረንሳይ ለላከችው የነጻነት ሐውልት መቆሚያ የሚሆን ገንዘብ ጠፍቶ ሥራው ሲጓተት፣ ዎርልድ በ1885 አንባቢዎቹን እርዳታ ጠየቀ፤ የለጋሾቹንም ስም ስጦታው ቢያንስም ቢበዛም ለማተም ቃል ገባ። በአምስት ወር ገደማ ከ120,000 በላይ ሰዎች ከ100,000 ዶላር በላይ አዋጡ። አብዛኞቹ የሰጡት ከአንድ ዶላር ያነሰ ነበር።

ጥፋቱና ቅርሱ

የፑሊትዘር ስም ከውግዘትም አላመለጠም። ከ1895 ጀምሮ ከዊልያም ራንዶልፍ ኸርስት ጋዜጣ ጋር በገቡት ፉክክር ዎርልድ የተጋነነና ያልተጣራ ወሬ አትሟል፤ «ቢጫ ጋዜጠኝነት» የሚለው መጠሪያም ከዚያ ፉክክር ወጣ። በ1898 ሜይን የተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ በሃቫና ወደብ ስትፈነዳ ሁለቱም ጋዜጦች የጦርነት ስሜት በማራገብ ተወቅሰዋል። ጦርነትን በዓይናቸው ላዩ ሰው ይህ ቀላል ወቀሳ አልነበረም።

በሌላ በኩል ዎርልድ በ1908 የፓናማ ቦይ ክፍያ ወደ ማን እንደገባ ሲጠይቅ፣ የፕሬዝዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት መንግሥት በስም ማጥፋት ወንጀል ከሰሰው። ጋዜጣው አላፈገፈገም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1911 መጀመሪያ ላይ ለጋዜጣው ፈረደ። ለዓመታት የማየት ችሎታቸውን አጥተው፣ ድምፅ መታገሥም ተስኗቸው የኖሩት ፑሊትዘር በዚያው ዓመት ጥቅምት 29 ቀን በመርከባቸው ላይ ሳሉ አረፉ።

በሰጡት ገንዘብ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት በ1912 ተከፈተ፤ ሽልማቱም በ1917 ተጀመረ። ኢትዮጵያውያን ከሽልማቱ ጋር የሚያገናኛቸው አንድ መራራ ትውስታ አለ። በ1985 የቦስተን ግሎብ ፎቶግራፈር ስታን ግሮስፌልድ ከተሸለሙባቸው ሥራዎች መካከል በዘመኑ የኢትዮጵያ ረሃብ ያነሷቸው ፎቶዎች ይገኙበታል።

ፑሊትዘር ሥልጣን ይዘው ሥልጣንን መቆጣጠር ሞክረው አልሆነላቸውም። ስማቸውን እስከ ዛሬ ያቆየው ወንበራቸውን ከለቀቁ በኋላ የሠሩት ሥራ ነው።