በሮም ገንዳ የተቀየረው ሰዓት

በ1960 እ.ኤ.አ. የሮም ኦሊምፒክ የወንዶች 100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ፍጻሜ ውጤት በይፋዊው መዝገብ እንዲህ ሰፍሯል፦ አንደኛ የአውስትራሊያው ጆን ዴቪት፣ 55.2 ሰከንድ፤ ሁለተኛ የአሜሪካው ላንስ ላርሰን፣ 55.2 ሰከንድ፤ ሦስተኛ የብራዚሉ ማኑኤል ዶስ ሳንቶስ፣ 55.4 ሰከንድ። መዝገቡን ብቻ ያነበበ ሰው ሁለቱ እኩል ሰዓት ገቡ፣ ዳኞች በዓይናቸው ለዩዋቸው ብሎ ያልፋል። ከእነዚህ ሦስት ቁጥሮች አንዱ ግን ለተጻፈለት ዋናተኛ በየትኛውም ሰዓት ላይ አልታየም። ውድድሩ ካለቀ በኋላ፣ ከውሳኔው ጋር እንዲስማማ ተብሎ የተጻፈ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚከተለው የዚያን ቁጥር መንገድ ነው።

ለእኛ የሮም ኦሊምፒክ ማለት አበበ ቢቂላ ነው። አበበ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ በባዶ እግሩ ሮጦ በቆንስጣንጢኖስ ቅስት ሥር ሲገባ ተከታዩን ሞሮኳዊውን ራዲ ቤን አብደሰላምን በ25 ሰከንድ ገደማ ቀድሞት ነበር። ማን እንደቀደመ ለማወቅ ዳኛ አላስፈለገም። የዋናው ፍጻሜ የተካሄደው ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ነሐሴ 21 ቀን፣ በፎሮ ኢታሊኮ የስፖርት መንደር በሚገኘው ገንዳ ነው። እዚያ በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል የነበረው ልዩነት የአንድ ዓይን ጥቅሻ እንኳ አይሞላም።

ዴቪት ለዚህ ርቀት አዲስ ሰው አልነበረም። በ1956 እ.ኤ.አ. በሜልበርን ኦሊምፒክ በአገሩ ልጅ በጆን ሄንሪክስ ተቀድሞ ብር ወስዷል፤ በቀጣዩ ዓመትም የዓለም ክብረ ወሰን በእጁ ገብቷል። በአሜሪካ በኩል ብዙዎች ተስፋ የጣሉት በጄፍ ፋረል ላይ ነበር። ፋረል ግን ከአገሩ የማጣሪያ ውድድር ስድስት ቀን በፊት ትርፍ አንጀቱ ታሞ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ በ100 ሜትር ለጥቂት ሳያልፍ ቀረ። ኋላ በቅብብል ሁለት ወርቅ አግኝቷል። የ100 ሜትሩ አደራ ግን በ20 ዓመቱ ወጣት በላርሰን ትከሻ ላይ ወደቀ። ላርሰን በቢራቢሮ ስልትም የታወቀ ዋናተኛ ነበር።

በጊዜው አንድ ውድድር እንዴት ይዳኝ እንደነበር ሳያውቁ የተፈጠረውን መረዳት አይቻልም። ለእያንዳንዱ መስመር ሦስት ሰዓት ያዦች ይመደባሉ። ሰዓት ያዡ ገንዳው ጫፍ ላይ ጎንበስ ብሎ ይቆማል፤ አውራ ጣቱ ከቁልፉ አይነሳም። ተኩሱ ሲሰማ ይጫናል፤ ዋናተኛው ግድግዳውን ሲነካ ደግሞ ይጫናል። ሰዓቱ የሚያነበው እስከ ሰከንድ አንድ አስረኛ ነው። ከሦስቱ ሁለቱ ከተስማሙ የእነርሱ ንባብ ይፋዊ ሰዓት ይሆናል። ደረጃውን የሚወስኑት ግን ሰዓት ያዦቹ ሳይሆኑ ሌሎች ሰዎች ናቸው። ሦስት ዳኞች አንደኛ የወጣውን ብቻ፣ ሌሎች ሦስት ደግሞ ሁለተኛ የወጣውን ብቻ ይመለከታሉ። የአንደኛው ዳኛ ስለ ሁለተኛው፣ የሁለተኛው ዳኛ ስለ አንደኛው አይጠየቅም።

ዴቪትና ላርሰን ጎን ለጎን ባሉ መስመሮች ዋኝተው በተፋፋመው የውሃ ርጭት መሃል ግድግዳውን ነኩ። ሰዓቶቹ ተሰበሰቡ። የዴቪት ሦስቱም ሰዓት ያዦች 55.2 አነበቡ። የላርሰን አንዱ 55.0፣ ሁለቱ 55.1። በደንቡ መሠረት የላርሰን ሰዓት 55.1 ነው። ለመጠባበቂያ የቀረበው የኤሌክትሪክ ሰዓትም ላርሰንን 55.10፣ ዴቪትን 55.16 ብሎ መዘገበ። ልዩነቱ የሰከንድ ስድስት መቶኛ ነው፤ በዋኙበት አማካይ ፍጥነት ሲሰላ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ከአንድ መዳፍ ስፋት ብዙም አይበልጥም።

የዳኞቹ ወረቀት ሌላ ነገር ይዞ መጣ። ከአንደኛ ዳኞች ሁለቱ ዴቪት አሉ፤ አንዱ ላርሰን። ከሁለተኛ ዳኞች ሁለቱ ሁለተኛ የወጣው ዴቪት ነው አሉ፤ አንዱ ላርሰን። ስድስቱን አንድ ላይ ብንቆጥራቸው ሦስቱ ላርሰን ቀደመ፣ ሦስቱ ዴቪት ቀደመ ብለዋል ማለት ነው። ዓይን ለሁለት እኩል ተከፈለ።

እዚህ ላይ ዋና ዳኛው ሃንስ ሩንስትሮመር ገቡ። የጊዜው ደንብ ለዋና ዳኛ በደረጃ ላይ ድምፅ የመስጠት ሥልጣን አይሰጠውም ነበር። እሳቸው ግን ዴቪት አንደኛ ነው ብለው ወሰኑ። ውሳኔው ከሰዓቱ ጋር ተጋጨ፤ በ55.1 የገባ ሰው በ55.2 ከገባው ኋላ ሊሆን አይችልምና። ግጭቱ የተፈታው የላርሰንን ሰዓት ወደ 55.2 በመቀየር ነው።

የአሜሪካ ቡድን ተቃውሞ አቀረበ፤ ውድቅ ሆነ። ጉዳዩ ከሮም በኋላም ለዓመታት በዓለም አቀፉ የዋና ፌዴሬሽን ፊት እየተነሳ ቆየ፤ ውጤቱ ግን አልተነካም።

ለሩንስትሮመር ሊቀርብ የሚችለውን መከላከያ መዝለል ተገቢ አይደለም። በእጅ የሚያዝ ሰዓት የሰው ጣት ፍጥነት ተገዥ ነው። ሁለት ሰዓት ያዦች በአንድ አስረኛ ቢለያዩ የሚገርም ነገር የለውም፤ ስለዚህ 55.1 ከ55.2 በእርግጥ ይቀድማል ብሎ በአንድ ሰዓት ብቻ መማል አይቻልም። በዚያ ላይ አንደኛውን እንዲያዩ ከተመደቡት ሦስት ሰዎች ሁለቱ ዴቪትን አይተዋል። ዴቪት ራሱም ያደረገው ቢኖር መዋኘት ብቻ ነው፤ ስሙ ከጥፋት ጋር ሊነሳ አይገባም።

ሰዓቶቹን አንድ ላይ ስናያቸው ግን መከላከያው ይሳሳል። ከላርሰን ሦስት ሰዓቶች በጣም የዘገየው 55.1 ነው። ከዴቪት ሦስቱ አንዱም ከ55.2 አልወረደም። እርስ በርስ ሳይመካከሩ ቁልፍ የተጫኑ የስድስት ሰዎች ጣት ወደ አንድ አቅጣጫ ያመለክታል፤ የኤሌክትሪኩ ሰዓት ሰባተኛ ምስክር ነው። በእኔ ግምት ላርሰን ቀድሟል። ከፍርዱ ስህተት ይልቅ የሚያሳዝነኝ ግን በመዝገቡ ላይ የተፈጸመው ነው። ዳኛ ይሳሳታል፤ የተሳሳተ ፍርድ ከተቃራኒ ማስረጃው ጋር ጎን ለጎን ቢቀመጥ የኋላ ሰው አይቶ ይመዝነዋል። ሰዓት ያዦቹ ያነበቡትን ቁጥር ለፍርዱ እንዲመች ማረም ግን ምስክሩን ዝም ማሰኘት ነው። የሰዓት ያዦቹ ንባብ በጊዜው ባይታወቅና ተመዝግቦ ባይተላለፍ ኖሮ ዛሬ ስለዚህ ውድድር የምናውቀው ሁለት ጊዜ የተጻፈ 55.2 ብቻ ይሆን ነበር።

ከሮም በኋላ ዓይን ከዋና ገንዳ ቀስ በቀስ ሥልጣኑን አጣ። በ1964 በቶኪዮ፣ በዚሁ ርቀት፣ ሦስተኛ ደረጃን ለመለየት ጀርመናዊው ሃንስ ዮአኪም ክላይንና አሜሪካዊው ጋሪ ኢልማን ሁለቱም 54.0 ተመዝግበው የኤሌክትሪኩ ሰዓት እስከ አንድ ሺህኛ መጠየቅ ነበረበት፤ ነሐሱም ለክላይን ተሰጠ። በ1967 በዊኒፔግ በተካሄደው የመላ አሜሪካ ጨዋታ የንክኪ ሰሌዳ በገንዳው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ በቀጣዩ ዓመት ሜክሲኮ ኦሊምፒክ ገባ። ስስ ሰሌዳ ነው፤ የውሃው ሞገድ ቢመታው አይነቃም፣ የዋናተኛው እጅ ሲጫነው ግን ሰዓቱን ራሱ ያቆመዋል። የሚፈልገው ጫና ሁለት ኪሎ ገደማ ነው። የሰዓት ያዡ አውራ ጣት ሥራ ወደ ዋናተኛው መዳፍ ተዛወረ።

መሣሪያው ደግሞ የራሱን ጥያቄ አመጣ። በ1972 በሙኒክ፣ በ400 ሜትር ድብልቅ ስልት፣ ስዊድናዊው ጉናር ላርሰንና አሜሪካዊው ቲም ማኪ እኩል 4 ደቂቃ ከ31.98 ሰከንድ ገቡ። ሰዓቱ እስከ ሺህኛ ሲነበብ ስዊድናዊው 31.981፣ ማኪ 31.983 ሆነ፤ ወርቁ በሁለት ሺህኛ ተወሰነ። ይህ በውሃው ውስጥ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ደንቡ ግን ለረዥም ዘመን የ50 ሜትር ገንዳ እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ረዝሞ እንዲሠራ ይፈቅድ ነበር። መስመሮቹ በራሳቸው ከሚሊ ሜትሮች በላይ ሊለያዩ እየቻሉ ሰውን በ3 ሚሊ ሜትር መለየት ፍትሕ አይሆንም። ፌዴሬሽኑ ይህን አምኖ ሰዓት በመቶኛ ብቻ እንዲነበብ ደነገገ፤ በመቶኛ እኩል የሆኑ እኩል ናቸው። በ1984 በሎስ አንጀለስ ናንሲ ሆግስሄድና ካሪ ስታይንሳይፈር 100 ሜትሩን በ55.92 ሲጨርሱ ሁለቱም ወርቅ አጠለቁ።

በ2008 በቤጂንግ ማይክል ፌልፕስ ሰርቢያዊውን ሚሎራድ ቻቪችን በ100 ሜትር ቢራቢሮ 50.58 ለ50.59 ቀደመው። በተመልካች ዓይን ቻቪች የቀደመ መስሎ ነበር፤ እጁን ዘርግቶ ተንሳፍፎ ሲደርስ ፌልፕስ አንድ ግማሽ ቀዘፋ ጨምሮ ሰሌዳውን ገፋው። ሰርቢያ ተቃውሞ አቀረበች። የውድድሩ ዳኛ ኬንያዊው ቤን ኤኩምቦ በዝግታ የተቀረጸውን ምስል መረመሩ፤ የሰርቢያ ቡድን ሰዎችም አይተውት ተቀበሉ። የላርሰን ሰዎች በሮም የጠየቁት ከዚህ የተለየ አልነበረም፤ ማስረጃው ይታይልን ነው ያሉት።

አንድ ነገር ልጨምር። በመዝገቡ ላይ ያለውን 55.2 ለ55.2 እንዳለ ብንቀበለውና በዛሬው ደንብ ብንዳኘው ሁለት ወርቅ ይሰጣል። ማለትም መዝገቡ በራሱ ቃል እንኳ ላርሰንን ሁለተኛ አያደርገውም።

ላርሰን ከሮም ባዶ እጁን አልተመለሰም፤ በ4 ጊዜ 100 ሜትር ድብልቅ ቅብብል የቢራቢሮውን ተራ ዋኝቶ ቡድኑ በዓለም ክብረ ወሰን ወርቅ ወስዷል። ኋላም የጥርስ ሐኪም ሆነ። ዴቪት በ2023፣ ላርሰን በ2024፣ በወራት ልዩነት ከዚህ ዓለም ተለዩ። በውጤት መዝገቡ ላይ ከላርሰን ስም ፊት የተጻፈው ቁጥር ዛሬም 55.2 ነው።