«የፈረንጅ ሥዕል» ተብሎ የተከሰሰው ሰው

«ይሄ የእኛ አይደለም፣ የፈረንጅ ነው።» ሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1960ዎቹ መጀመሪያ (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ከጀርመን ተመልሶ ሥራውን ሲያሳይ የተነሳበት ክስ ይህ ነበር። ክሱ ዛሬም ስላልሞተ መዝገቡን እንየው።

ገብረ ክርስቶስ በ1932 ሐረር ተወለደ። የቤተ ክህነት ሰው የሆኑት አባቱ አለቃ ደስታ ብራና በሥዕል ያስጌጡ ነበር። ልጁ የእርሻ ትምህርት ጀምሮ ተወውና ወደ ጀርመን፣ ኮሎኝ ሄዶ ሥዕል ተማረ። ሲመለስ በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። በ1963 በሠራው «ጎልጎታ» ስቅለቱን በቅርጽና በደም ቀይ ቀለም ተናገረ። ርዕሱ የአባቱ ቤት ርዕስ ነው፤ አሣሣሉ ግን ለብዙዎች እንግዳ ሆነ።

ለመሆኑ ያ አሣሣል ከየት መጣ? በሩን የከፈተው ኩቢዝም ነው። ኩቢስት አንድን ነገር ይሰባብርና ፊቱንም ጎኑንም ባንድ ጊዜ ያሳያል። በተክለ ሃይማኖት በኩል ከፎቅ ላይ ሆኖ የመርካቶን የቆርቆሮ ጣራ ቁልቁል ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፦ ቤቱ ይጠፋል፣ አራት ማዕዘኑና ቀለሙ ይቀራል።

ፒካሶ በ1907 ወደዚህ መንገድ ሲያዘነብል ፓሪስ በሚገኘው የትሮካዴሮ ሙዚየም የአፍሪካ ጭምብሎችን አይቶ ነበር። «የፈረንጅ» የምንለው ነገር አንዱ ሥሩ እዚሁ አህጉር ነው።

የእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕልም ቢሆን የርቀትን ሕግ ሳይጠብቅ ኖሯል። ጻድቁን በሁለት ዓይኑ ከፊት፣ ክፉውን በአንድ ዓይኑ ከጎን ይስላል። በ1932፣ ገብረ ክርስቶስ በተወለደበት ዓመት፣ በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ ተልዕኮ ከጎንደሩ አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ ሥዕሎችን ነቅሎ በምትካቸው ቅጂ ተወ። የተነቀሉት ዛሬም ፓሪስ ናቸው። እኛ «የፈረንጅ ነው» እያልን ስንከራከር ፈረንጅ የእኛን ጠቅልሎ ሄዷል።

ገብረ ክርስቶስ በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት አገኘ። በደርግ ዘመን ግን ተሰደደ። «ሀገሬ» የሚለውን ግጥም የጻፈ ሰው በ1981 ኦክላሆማ፣ አሜሪካ ውስጥ አረፈ። በስሙ የተሰየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ስድስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው በ2008 ነው፤ ከሞተ ከ27 ዓመት በኋላ።

«የእኛ ነው? አይደለም?» የሚለው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ዋጋውን የሚከፍለው ግን በሕይወት ያለው ሠዓሊ ነው። ዛሬም አንድ ወጣት አዲስ ነገር ስሎ ሲመጣ የትውልድ ማስረጃ ከመጠየቃችን በፊት ቆም ብለን ሥዕሉን እንየው። ለሙዚየም ስም መስጠት ከሞት በኋላም ይደርሳል፤ ማየት ግን በቁም ነው።