ላልጻፉት ማን ይመስክር? ስለ አየርላንድ ድሩይዶች

ድሩይድ ሲባል በብዙዎቻችን ዓይነ ሕሊና የሚመጣው ሥዕል ያው ነው፤ ነጭ ካባ የደረበ፣ ጺሙ ደረቱን የሸፈነ ሽማግሌ በግዙፍ ድንጋዮች መካከል ቆሞ የንጋት ፀሐይን ሲቀበል። ሥዕሉ ያምራል፤ አብዛኛው ግን የኋላ ሰዎች ሥራ ነው። ስቶንሄንጅ የሚባሉት የእንግሊዝ አገር ትልልቅ ድንጋዮች የቆሙት ከክርስቶስ ልደት በፊት 2500 ገደማ ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ድሩይዶች በጽሑፍ ስማቸው የሚነሣው ከዚያ ከ2,000 ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። ሁለቱን ማጋባት የጀመረው በ17ኛው መቶ ዘመን ጆን ኦብሪ ሲሆን፣ ዊልያም ስተክሊ ደግሞ በ1740 ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን አገር ምድሩ እንዲያምነው አደረገ።

ታዲያ ይህን ሁሉ ስናራግፍ ምን ይቀረናል? እስቲ ምስክሮቹን አንድ በአንድ እንጥራና ተጠየቅ እንበላቸው።

የመጀመሪያው ምስክር ወራሪው ነው። ዩሊየስ ቄሳር ዛሬ ፈረንሳይ የምትባለውን የጎልን ምድር ከ58 እስከ 50 ከክርስቶስ ልደት በፊት ሲወጋ ስለ ዘመቻው በጻፈው መጽሐፍ፣ በስድስተኛው ክፍል፣ ስለ ድሩይዶች ሰፊ ቃል ሰጥቷል። መሥዋዕትን ይመራሉ፤ ጠብና ክርክር ይዳኛሉ፤ ከዘመቻም ከግብርም ነፃ ናቸው፤ አንዳንዱ ተማሪ እስከ 20 ዓመት ድረስ ግጥም በቃሉ ሲያጠና ይኖራል፤ ትምህርታቸውንም በጽሑፍ ማስፈር አይፈቅዱም ይላል። ሰው እንደሚሠዉም ይከሳል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ይህን የሚለን አገራቸውን የወረረው ሰው ነው። ወራሪ ደግሞ የተወራሪውን አረመኔነት መናገር ጥቅሙ ነው። ከዚህም በላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ዲቪቺያኩስ የሚባል የጎል መኳንንት የቄሳር ወዳጅ ነበር፤ በመጽሐፉም ስሙ በተደጋጋሚ ይነሣል። ይህ ሰው ድሩይድ መሆኑን የምናውቀው ግን ከቄሳር አይደለም፤ በሮም ካገኘው ከኪኬሮ ነው። ቄሳር ስለ ድሩይዶች ያን ያህል ሲተርክ ከአጠገቡ የቆመው ሰው አንዱ መሆኑን አንዴም አላነሣም!

ዋናው ነጥብ ግን ሌላ ነው። ቄሳር አየርላንድን አልረገጠም፤ ሮማውያንም አልገዟትም። የጎልን ልብስ ወስዶ ለአየርላንድ ማልበስ ልክ መሆኑን በምን እናረጋግጣለን?

ሁለተኛው ምስክር መነኩሴው ነው። ከክርስትና በፊት አየርላንዳውያን የነበራቸው ጽሑፍ ኦጋም ይባላል፤ በድንጋይ ጠርዝ ላይ የሚቀረጽ የጭረት ፊደል ነው። ብሪታንያ ያሉት ተጨምረው 400 ያህል ድንጋዮች ተገኝተዋል፤ የያዙት ግን በአብዛኛው እገሌ የእገሌ ልጅ የሚል ስም ብቻ ነው። በ431 ፓላዲዩስ የመጀመሪያው ጳጳስ ሆኖ ከሮም ተላከ፤ በዚያው መቶ ዘመን ፓትሪክም ሰበከ። የፓትሪክ ሁለት ጽሑፎች ዛሬም አሉ፤ ስለ ድሩይዶች ግን አንድም ቃል የላቸውም። ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ሙርኩ የተባለው ጸሐፊ የፓትሪክን ገድል ሲጽፍ ነው ድሩይዶች በታራ ቤተ መንግሥት ከቅዱሱ ጋር በተአምር ሲፎካከሩ የምናያቸው። ሙርኩ ራሱ ታራን ባቢሎን፣ ንጉሡን ናቡከደነፆር ይለዋል። መጽሐፈ ዳንኤልን ያነበበ ሰው ትረካው ከየት እንደተቀዳ አይጠፋውም።

እኔን ይበልጥ ያሳመነኝ ግን ገድሉ ሳይሆን አንድ ደረቅ የሕግ አንቀጽ ነው። በ7ኛውና በ8ኛው መቶ ዘመን ከተጻፉት የአየርላንድ ሕጎች አንዱ፣ ሰው ሲቆስል ለሕክምናውና ለቀለቡ ምን እንደሚገባው ይደነግጋል። እዚያ ላይ ድሩይድ ማዕረጉ ምንም ያህል ከፍ ቢል ከአንድ ተራ ባለ ከብት ገበሬ የበለጠ አያገኝም ይላል፤ የሚቆጥረውም ከሽፍታና ከተሳዳቢ ገጣሚ ጋር ነው። ሕግ ለሌለ ሰው አይወጣም። ስለዚህ ድሩይድ በዚያን ጊዜ ገና ነበረ፤ ከክብሩ ግን ወርዷል። ክብሩ የት ሄደ? እጣን ማጠኑን ቄሱ፣ ፍርዱን ብሬሆን የሚባለው ሕግ አዋቂ፣ ግጥሙንና የዘር ሐረጉን ፊሊ የሚባለው ባለ ቅኔ ተከፋፈሉት። ፊሊዎቹ ሰባት ማዕረግ ነበራቸው፤ ንጉሥ እንኳ ስድባቸውን ይፈራ ነበር። አንድ ገዥ መደብ በአንድ ቀን ተአምር ሳይሆን ሥራው አንድ በአንድ ከእጁ እየተወሰደ አለቀ ማለት ነው።

ሦስተኛው ምስክር አፈሩ ነው። በሰሜን አየርላንድ ናቫን በሚባለው ጉብታ 40 ሜትር ስፋት ያለው ክብ የእንጨት ሕንፃ ተቆፍሮ ተገኝቷል። የመካከሉ ምሰሶ ኦክ የተባለ ዛፍ ሲሆን፣ የግንዱ ቀለበቶች ሲቆጠሩ ዛፉ የተቆረጠው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ95 መጨረሻ ወይም በ94 መጀመሪያ ነው። ሰዎቹ ሕንፃውን ሠሩ፤ ውስጡን በድንጋይ ሞሉት፤ ከዚያም ሆን ብለው አቃጠሉት። ይህ መኖሪያ አይደለም፤ ሥርዓት ነው። ሥርዓቱን ማን መራው ብንለው ግን አፈሩ ዝም ይላል። አፈር አይዋሽም፤ ስም ግን አይጠራም።

እንግዲህ የምስክሮቹ ቃል ሲደመር ይኸ ነው፦ አየርላንድ ውስጥ ድሩይድ የሚባሉ የተማሩና የተከበሩ ሰዎች ነበሩ፤ ክርስትና ከገባ በኋላም ቢያንስ እስከ 7ኛው መቶ ዘመን ቆዩ፤ ከዚያ ጠፉ። ካጠኑት ግጥም አንድ መስመር እንኳ የእነሱ ነው ተብሎ በእርግጠኝነት የተያዘ የለም።

ይህ ባዶነት ያማል፤ ስለሚያምም ሰው ሊሞላው ይጣደፋል። ኢዮሎ ሞርጋኑግ የተባለው የዌልስ ድንጋይ ጠራቢ በ1792 ለንደን ውስጥ የድሩይድ ነው ያለውን ሥርዓት አቆመ፤ ጥንታዊ ያላቸውንም ሰነዶች ራሱ ይጽፍ ነበር። ያነሣሣው ጥላቻ ሳይሆን የአገር ፍቅር ነው፤ ቋንቋው ሲናቅ አይቶ ታላቅ ያለፈ ዘመን ሊሰጠው ፈለገ። ዳሩ ግን ለሕዝብ ፍቅር ተብሎ የተፈበረከ ሰነድም ያው የተፈበረከ ሰነድ ነው። ወራሪው አረመኔ አድርጎ ሳላቸው፤ ወዳጁ ደግሞ መላእክት አደረጋቸው፤ ሁለቱም አላስተናገሯቸውም።

ወገኖቼ፣ ታሪክ የምናጠና ሰዎች ለድሩይዶች ልናደርግላቸው የምንችለው ደግነት አንድ ብቻ ይመስለኛል፤ ያልተናገሩትን በአፋቸው አለማስቀመጥ።