ሊንኩ ለምን ዘገየ? ከአዋሽ ድልድይ እስከ ቀይ ባሕር

ሊንክ ተነክቶ ገጹ አልከፈት ሲል የመጀመሪያው ተከሳሽ ስልኩ ነው። «ስልክህ አርጅቷል»፣ «ካሹን አጽዳ»፣ «አጥፍተህ አብራው» ይባላል። አንዳንዴ ክሱ እውነት ነው። ማጣሪያውም ቀላል ነው፤ ያው ሊንክ በዚያው ኔትወርክ በሌላ ስልክ ይሞከር። እዚያ ቶሎ ከተከፈተ ጥፋቱ የብሮውዘሩ ነው፤ የተበላሸ ካሽ፣ የማያስፈልግ ኤክስቴንሽን ወይም ሳይጠፋ የቀረ ቪፒኤን ይፈለግ። እዚያም ከዘገየ ግን ስልኩን መውቀስ ይብቃ። ነገሩ የመንገድ ነው፤ መንገዱም ታሪክ አለው። ይህን ታሪክ ለማንበብ ደግሞ እንደ አዋሽ ሰባት ኪሎ የሚመች ቦታ ጥቂት ነው።

አዋሽ ሰባት ኪሎ በር ናት። ከአዲስ አበባ የወረደው አስፋልት በዚያ አካባቢ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ድሬዳዋና ሐረር፣ ሌላው በሚሌና በሰመራ አድርጎ ወደ ጋላፊ። በሁለቱም ጅቡቲ ይደረሳል። ከተማዋን የወለዳት ባቡሩ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መስመር ፈቃድ ሰጡ፤ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከዚያ አዋሽን ተሻግሮ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ከሐዲዱ ጎን የመልእክት ሽቦ ተዘረጋ። ባቡሩ ቡናና ቆዳ ሲጭን ሽቦው ቃል ይጭን ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የአገሪቱ ዕቃም ወሬም በአንድ ሸለቆ ወደ ባሕር መውረድ ለመደ።

በአንድ በር መኖር ምን ማለት እንደሆነ አዋሽ ቀድማ አሳይታለች። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. የሚሸሸው የጣሊያን ጦር የአዋሽን ድልድይ አፈረሰው። ያሳዳጁ የእንግሊዝ ጦር ወንዙን ተሻግሮ በቀናት ውስጥ አዲስ አበባ ገባ፤ ባቡሩ ግን ድልድዩ እስኪጠገን መጠበቅ ነበረበት። ወታደር ወንዝ ይሻገራል፤ መስመር ግን ከተቆረጠ ተቆረጠ ነው።

ኢንተርኔት ለሕዝብ አገልግሎት የበቃው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ወደ ውጭ የሚወጣው በሳተላይት ነበር። ሳተላይቱ ከምድር 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ጥያቄው ወጥቶ ወርዶ፣ መልሱም ወጥቶ ወርዶ ሲመጣ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። ግማሽ ሰከንድ ምን አላት? ይባል ይሆናል። ነገር ግን አንድ ሊንክ በአንድ ምልልስ አይከፈትም። መጀመሪያ የድረ ገጹ ስም ወደ ቁጥር አድራሻ ይተረጎማል፤ ቀጥሎ ከሰርቨሩ ጋር ሰላምታ አለ፤ ከዚያ የምስጢር ቁልፍ ልውውጥ ይመጣል፤ ገጹ የሚጠየቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አራት ምልልስ በግማሽ ሰከንድ ሲባዛ፣ አንድ ፊደል ሳይታይ ሁለት ሰከንድ አለፈ።

ፋይበር ይህን አሳጠረው። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ሰርቨሩ አውሮፓ ሆኖ የኬብሉ መንገድ 8,000 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ አንዱ ምልልስ ከአንድ ሰከንድ 8 በመቶውን ብቻ ይወስዳል። ፋይበሩ ግን የባቡሩን ልማድ አልተወም። ባሕር በር የሌላት አገር የባሕር ኬብል የምታገኘው በጎረቤት ደጃፍ ነው፤ ዋናው ደጃፍም ዛሬም ጅቡቲ ነው። በሱዳንና በኬንያ በኩልም መስመር አለ፤ ሱዳን ግን ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት ውስጥ ናት።

ጅቡቲ ደርሶም ችግሩ አያልቅም። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ቀይ ባሕር ውስጥ ሲኮም፣ ኤኤኢ ዋንና ኢአይጂ የተባሉ ሦስት ኬብሎች ተቆረጡ። ሦስቱም ጅቡቲን የሚነኩ ናቸው። ምክንያቱ በሁቲዎች የተመታችው ሩቢማር የተባለች መርከብ እየተንሳፈፈች የጎተተችው መልሕቅ እንደሆነ ይታመናል። በየመን ጦርነት የተነሳ ጥገናው ወራት ፈጀ። ኬብል ሲቆረጥ መልእክቱ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ ያ መንገድ ደግሞ ይረዝማል፣ ይጨናነቃል። ተጠቃሚው ዘንድ የሚታየው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚሽከረከር ክብ።

ታዲያ መፍትሔው ሌላ ኬብል መጨመር ብቻ ነው? የኬንያ ታሪክ ሌላ መልስ አለው። እ.ኤ.አ. እስከ 2000 ድረስ ናይሮቢ ውስጥ ከአንዱ ኩባንያ ደንበኛ ወደ ሌላው የሚላክ ኢሜይል ባሕር ማዶ ደርሶ ይመለስ ነበር። ኩባንያዎቹ ተባብረው በዚያ ዓመት የልውውጥ ማዕከል ሲከፍቱ ተቆጣጣሪው በሳምንታት ውስጥ ዘጋባቸው፤ ተከራክረው በ2002 ዳግም ከፈቱት። ያኔ የጎረቤት ወሬ በጎረቤት ቀረ።

ትምህርቱ ለእኛም ግልጽ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል። የሰመራ ተማሪ የሚፈልገው የመማሪያ ገጽ፣ የአዋሽ ነጋዴ የሚከፍተው የመንግሥት ቅጽ ባሕር ማዶ ባለ ሰርቨር ላይ ተቀምጦ ከሆነ፣ አገር ውስጥ ያለ ሰው ለአገር ውስጥ ጉዳይ በቀይ ባሕር በኩል ሄዶ ይመለሳል ማለት ነው። አዲስ ኬብል ገንዘብና የጎረቤት ፈቃድ ይጠይቃል፤ የራስን ገጽ አገር ቤት ማስቀመጥና ኦፕሬተሮችን እዚሁ ማገናኘት ግን በእጅ ያለ ሥራ ነው። ባቡሩ አንድ በር ብቻ የነበረው ሌላ ምርጫ ስላልነበረ ነው። ዛሬ ምርጫ አለ። የባሕር በር ጥያቄ በየመድረኩ በሚነሳበት በዚህ ወቅት፣ ወደ ባሕር መሄድ የማያስፈልገውን ጉዳይ ከባሕር መንገድ ማውጣትም የዚያው ጥያቄ አካል ነው።