የፍጥሞ «ስ» የት ገባች?

ፒሬዎስ ወደብ ላይ ተሰልፈን መርከብ ስንጠብቅ በድምፅ ማጉያ የደሴቶች ስም ይጠራ ነበር። ልጄ ትኬቷን ገልበጥ አድርጋ አየችና «አባዬ፣ እዚህ ፓትሞስ ይላል፤ ሰውየው ግን ፓትሞ ነው ያለው። ልክ እንደኛ ፍጥሞ!» አለችኝ። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ናት፤ ዮሐንስ ራእዩን ያየበትን ደሴት ስም ታውቃለች።

ጆሮዋ አልሳተም። ግሪክኛ የስምን መጨረሻ እንደ አገባቡ ይለዋውጣል። አማርኛ «ደሴቱ» የሚለውን «ደሴቱን» ለማለት አንዲት «ን» ይቀጥላል እንጂ ቃሉን አይነካም፤ ግሪክኛ ግን ጅራቱን ቆርጦ ሌላ ይተክላል። ደሴቲቱ ባለቤት ስትሆን ፓትሞስ፣ መድረሻ ስትሆን ፓትሞ ናት። ተሳፋሪ የሚጠራ ሰው ደግሞ የሚጠራው መድረሻ ነው።

የእኛ ፍጥሞም «ስ»ን ያጣችው በዚሁ መንገድ ይመስለኛል። ይህች ደሴት በመጽሐፍ ቅዱስ የምትነሣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 1 ቁጥር 9። ግሪክኛው ዮሐንስ በደሴቲቱ እንደነበረ ስለሚናገር ስሟ እዚያ የገባው የዛሬ ግሪኮች በተዉት የቦታ አገባብ ነው፤ «ስ» የለውም፣ መጨረሻው ረጅም «ኦ» ነው። ተርጓሚው የሚያመሳክርበት ሌላ ቦታ አልነበረውም። ያየውን ጻፈ።

ነገሩ በአንድ ደሴት ብቻ ቢቀር አጋጣሚ ነው ብዬ ባለፍኩት። ግን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 20ን በአማርኛ ተመልከቱ። ጳውሎስ ወደ ኢየሩሳሌም ሲወርድ በእነዚሁ ደሴቶች መካከል ያልፋል፤ ኪዮስ «ኪዩ»፣ ሳሞስ ደግሞ «ሳሞን» ተብለው ተጽፈዋል። ግሪክኛው ከኪዮስ ፊት ለፊት ደረስን ሲል ስሙን በዘርፍ አገባብ ያስገባዋል፤ ኪዮስ ኪዩ የሆነችው እዚያ ነው። «ሳሞን» ላይ ያለችው «ን» ደግሞ የጥንቱ ግሪክኛ የተሳቢ ምልክት ናት። እንደ እኛው «ን» መሆኗ የሁለት ቋንቋዎች መገጣጠም ነው፤ ዝምድና የላቸውም። ቀጥላ የምትመጣው የሚሊጦስ ከተማም «ሚሊጢን» ሆና ያችኑ ጅራት ይዛ ቀርታለች።

ከሁሉ የምታስቀኝ ግን ቀርጤስ ናት። ግሪኮች ዛሬ ክሪቲ፣ ጥንት ክሬቴ ይሏታል፤ ባለቤት ስትሆን በስሟ ላይ «ስ» ኖሮ አያውቅም። «የክሬቴ» ለማለት ሲፈልጉ ነው ክሬቴስ የሚሉት። ፍጥሞ የጎደላት «ስ» ቀርጤስ ላይ ተርፋ ተገኘች ማለት ነው። ቆጵሮስ ብትሆን በባለቤት ስሟ ገብታለች፤ ሁሉም አልተቆረጠም፣ ሁሉም አልተቀጠለበትም።

ሌላው እንቆቅልሽ «ፍ» ናት። ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ የተረጎሙት ሰዎች ፊደል የሚያዛምዱበት ልማድ ነበራቸው። ለግሪኩ «ፒ» ጰን ሰጡ፤ ጴጥሮስ፣ ጳውሎስ፣ ጲላጦስ። ለ«ታው» ጠን፣ ለ«ካፓ» ቀን፤ ማርቆስ። ትንፋሽ ለሚቀላቅለው «ቴታ» ደግሞ ለስላሳዋን ተን፤ ቶማስ። ጰ ራሷ ከጥቂት ቃላት በቀር ሥራዋ የግሪክን ስም መሸከም ነው። በዚህ ልማድ ደሴቲቱ ጳጥሞ መባል ነበረባት። «ጥ»ን እንደ ደንቡ ይዛለች፤ ጰን ግን ለ«ፍ» ለቀቀች። ይህ ከሴም ቋንቋዎች የቆየ ልዩነት ጋር ይሄዳል፤ ዕብራይስጥ «ፔ» የሚለውን ግዕዝና አማርኛ «አፍ» ይሉታል። ፍጥሞን ደንብ ሳይሆን ምላስ ያስገባት ስም አድርጌ ነው የምወስዳት።

ደሴቲቱ ላይ ከወረድን በኋላ ሥራችን እግርና ዋና ሆነ። ገዳሙ ከላይ ይታያል፤ መነኩሴው ክሪስቶዱሎስ እ.ኤ.አ. በ1088 ከንጉሠ ነገሥት አሌክሲዮስ ኮምኔኖስ ደሴቲቱን ተቀብሎ የመሠረተው ነው፤ እንደ ምሽግ ጥቁርና ወፍራም ግንብ አለው። ገዳሙን የከበበችው ነጭ ከተማ ኾራ ትባላለች። ኾራ «አገር» ማለት ነው፤ በብዙ የግሪክ ደሴቶች ዋናዋ ከተማ የምትጠራው በዚሁ ስም ነው። የግዕዙም «ሀገር» ከተማ ማለት እንደነበር ላስታወሰ ሰው እንግዳ አይሆንበትም።

እኛ ግን ያን ቀን ወደ ደቡብ ነው ያቀናነው። ዲያኮፍቲ ላይ ደሴቲቱ ቀጥና ቀጥና ልትበጠስ ትደርሳለች፤ ስሙም «መቁረጥ» ከሚለው ግስ ጋር ይገጥማል። ከዚያ ወደ ፕሲሊ አሞስ ግማሽ ሰዓት ያህል በፍየል መንገድ ይኬዳል። ጀልባ አለ፤ ግን በበጋ ሜልቴሚ የሚባለው የሰሜን ነፋስ ሲነሣ ጀልባዎቹ ይቀራሉ። ሜልቴሚ ከቱርክኛ የመጣ ቃል ነው። ፕሲሊ አሞስ «ደቃቅ አሸዋ» ማለት ነው፤ ድንጋዩ የእግሩን ጣት ሲመታው ለመጣ ሰው የምሥራች የሆነ ስም።

ዳርቻው ላይ ጥላ የሚሰጡት ዛፎች ቅጠላቸው እንደ ጥድ የረቀቀ፣ ግንዳቸው የተጣመመ ነው። ቅጠሉን ልጄ ቀመሰችውና ጨው ነው አለች። ግሪኮች አርሚሪኪ ይሉታል። የጥንት ስሙ ሚሪኪ ነበር፤ ሕዝቡ ጨው መቅመሱን አይቶ «አልሚሮስ»ን፣ ማለትም «ጨዋማ» የሚለውን ቃል፣ ፊቱ ላይ ለጠፈበት። ሕዝብ ሊቅ ሳይጠይቅ የሚሠራው ሥርወ ቃል እንዲህ ነው፤ የሊቃውንቱን ያህል ባይጠራም ዛፉን ቀምሶ ነው።

ውኃው ውስጥ የልጆች ጩኸት ሁሉ «ኮሊምባኦ» ነው፤ እዋኛለሁ። ከዚሁ ግስ የወጣው ኮሊምቤትራ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ዕውሩ የታጠበበት የሰሊሆም ውኃ መጠሪያ ነው፤ ዘሩን ተከትለን ብንተረጉመው «መዋኛ» በሆነ። አማርኛው ግን «መጠመቂያ» አለው። ግሪኮቹም ቆይተው ያንኑ ቃል ሕፃን ለሚጠመቅበት የቤተ ክርስቲያን ገንዳ ሰጡት፤ ለመዋኛ ገንዳ ደግሞ «ፒሲና»ን ከጣልያን ተዋሱ። እኛ ጠላ የምንጠምቅ፣ ክርስቲያን የምናጠምቅ፣ ሁለቱንም ከአንድ ግስ ያወጣን ሰዎች በዚህ ልንስቅ አንችልም።

ትንሹ ልጄ ዮሐንስ እዚህ ይዋኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። ባለቤቴ ቀደመችኝ፤ በራእዩ ምዕራፍ 21 በአዲሱ ምድር ባሕር እንደማይኖር መጻፉን ነገረችው። «ታዲያ የት ልንዋኝ ነው?» አላት። ዮሐንስ ባሕር ዙሪያውን ያሰረው ግዞተኛ እንደነበረ ላስረዳው ሞከርኩ፤ አልተዋጠለትም።

ማታ ስካላ ወደብ ላይ ሰፍነግ የሚሸጥ ሰው ነበር። ካሊምኖስ የምትባለው ጎረቤት ደሴት የሰፍነግ ጠላቂዎች አገር ናት፤ ድሮ ጠፍጣፋ ድንጋይ አቅፈው በአንድ ትንፋሽ ይወርዱ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን የመጥለቂያ ልብስ ሲመጣ ጥልቀቱም ቆይታውም ጨመረ፤ ቶሎ ሲወጡ በደም ውስጥ የሚፈላው ናይትሮጅን ብዙዎችን ገደለ፣ ብዙዎችን ሽባ አደረገ። ካሊምኖሶች የሽባውን ጠላቂ እግር መንቀጥቀጥ የሚያሳይ ጭፈራ አላቸው።

ሰፍነጉ ደርቆ እንደ ቂጣ ይኮረኩራል፤ ቀዳዳዎቹ ውስጥ አሸዋ አለ። ውኃ ሲነካው እጅ ውስጥ ያብጣል። በስቅለቱ ታሪክ ሆምጣጤ የተሞላው ይኸው ነው፤ ስሙም የግሪኩ «ስፖንጎስ» ነው። ዓረብኛ «ኢስፈንጅ» ሲል «ግ»ን ወደ «ጅ» ለውጧል፤ የእኛው «ግ»ን ስለያዘ በዓረብ በር የገባ አይመስልም። «ፍ»ዋ ደግሞ እንደ ፍጥሞዋ ከልማድ የወጣች አይደለችም፤ ራሱ ጥንታዊው ግሪክኛ «ስፎንጎስ» የሚል ሌላ አጠራር ነበረው፣ የዛሬዎቹም «ስፉንጋሪ» ነው የሚሉት። ልጄ ከሁሉ ትንሹን መረጠች። ሻጩ «ስፉንጋራኪ» ብሎ ሰጣት፤ «አኪ» የማሳነሻና የማቆላመጫ ጅራት ናት፣ የእኛዋን «ዬ» የምታክል።