አረጋውያንን ከወንጀል መጠበቅ በባሌ ደጋ፦ የፖሊስና የማኅበረሰቡ ድርሻ

በባሌ ደጋማ ወረዳዎች ስንዴ በዓመት ሁለት ጊዜ ይታጨዳል፤ የበልጉ በሐምሌና በነሐሴ፣ የመኸሩ ደግሞ በታኅሣሥና በጥር። ኮምባይነር በየማሳው በሚዞርባቸው በእነዚህ ወራት ገንዘብ በገበሬው እጅ ይገባል። ጉልበታቸው ደክሞ መሬታቸውን በኪራይ ወይም በእኩል የሚያሳርሱ አረጋውያን ለስርቆት፣ ለውንብድናና ለአታላዮች ይበልጥ ሊጋለጡ የሚችሉትም በዚሁ ጊዜ ነው።

ማኅበረሰብ አቀፍ የፖሊስ አገልግሎት፣ በተለምዶ ኮሙኒቲ ፖሊሲንግ የሚባለው፣ ወንጀል ከተፈጸመ በኋላ ከማሳደድ ይልቅ አስቀድሞ መከላከልን ያስቀድማል። ለቀበሌ መኮንን ይመደባል፤ ከነዋሪው የተመረጡ ሰዎችም ከእርሱ ጋር ይመክራሉ። በአማራ ክልል ይኸው አሠራር እስከ ቤተሰብ ወርዶ አንድ የቤተሰብ አባል ከፖሊስ ጋር የሚገናኝበት «የቤተሰብ ፖሊስ» የሚባል ዘርፍ አለው። ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ይመስለናል፤ መኮንኑ የማያውቀውን በር ጎረቤት ያውቀዋልና።

የሌሊት ሌባን ውሻም ጩኸትም ያጋልጠዋል። አስቸጋሪው በቀን፣ በዘመድ እጅ፣ በወረቀት የሚመጣው ነው። ማንበብ የማይችሉ አዛውንት ለአንድ ምርት ዘመን ያከራዩ መስሏቸው በረዥም ዘመን ውል ላይ ጣታቸውን ያሳርፋሉ፤ ወይም ለአንድ ጉዳይ ብለው የሰጡት ውክልና ለሌላ ይውላል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የኦሮሚያ ገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 130 አንድ ገበሬ ማከራየት የሚችለውን ከይዞታው እስከ ግማሽ፣ ዘመኑንም በባህላዊ አስተራረስ ለሚያርስ ተከራይ እስከ 3 ዓመት፣ በዘመናዊ መሣሪያ ለሚያርስ እስከ 15 ዓመት የወሰነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከመፈረም በፊት ውሉን ከተዋዋዮቹ ጋር የማይዛመድ ሰው ቢያነብላቸው፣ በሥራ ላይ ያለውን ደንብም ከወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ቢጠይቁና ውሉን እዚያው ቢያስመዘግቡ ብዙ ክርክር ይቀራል። የግብርና ባለሙያውም ስለ ዋግና ስለ ማዳበሪያ ሲመክር የውሉን ነገር አብሮ ቢያነሣ ያስመሰግነዋል።

የባሌ ሕዝብ የራሱ የጥበቃ ሥርዓት አለው። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ እናት ለምትዳረው ልጇ የምትሰጣት ሲንቄ የተባለች ቀጭን በትር የሴት ክብር ምልክት ናት፤ ሴት ስትበደል ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፣ በዳዩ ጥፋቱን አምኖ እስኪክስም ይቆማሉ። አሮጊት እናትን የሚያንገላታ ልጅ ከክስ ይልቅ ይህን ሊፈራ ይችላል። ጃርሳ ቢያ የሚባሉት የአገር ሽማግሌዎችም በዳይና ተበዳይን ያስታርቃሉ። በሮቤና በጎባ ከተሞች ደግሞ ዕድሮች የትኛው አባል ብቻውን እንደሚኖር፣ የትኛውስ ከሰሞኑ ከቤት እንዳልወጣ ቶሎ ይሰማሉ።

እርቅ ግን ሁሉንም አይሸፍንም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 670 ውንብድናን ከ1 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ አታላይነትም በአንቀጽ 692 ወንጀል ነው። የተደበደቡ ወይም የተዘረፉ አዛውንት «የቤት ጉዳይ ነው፣ ስለ ልጆችህ ብለህ ተወው» ተብለው ሲታረቁ ሰላም የወረደ ይመስላል፤ ማታ የሚመለሱት ግን በዳያቸው ወዳለበት ቤት ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎች ከባድ ጉዳትና ዝርፊያን ለፖሊስ አሳውቀው እርቁን ከዚያ ቢያስከትሉ ይሻላል። ፖሊስም በፊናው አቤቱታውን በልጅ ወይም በልጅ ልጅ አስተርጓሚነት ብቻ ከመቀበል ይልቅ አረጋዊውን ለብቻቸው ማነጋገር አለበት፤ ተጠርጣሪው አጠገባቸው ቆሞ እውነቱን ይናገራሉ ብሎ መጠበቅ አይቻልምና።

ለማመልከት የሚሄድ ሰው የደረሰውን ነገር ቀንና ቦታ፣ ያየ ጎረቤት ካለ ስሙን፣ የመሬት ጉዳይ ከሆነ የይዞታ ደብተሩንና የውሉን ቅጂ ይያዝ። ጉዳት የደረሰበትም ቁስሉ ሳይሽር ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ይመርመር፤ የሕክምና ማስረጃው በኋላ በፍርድ ቤት ይጠየቃል።