የቁስሉ ጠርዝ ምን ይናገራል? በነቀምቴና በወለጋ ከተሞች ተላላፊ የቆዳ ቁስሎችንና እባጮችን ስለመለየት

መግቢያ

ፊት ላይ የወጣ እባጭ ወራት ቆይቶ ሲቆስል፣ ከሐኪሙ ቃል በፊት የጎረቤት ግምት ይደርሳል። አንዱ «ቁንጭር ነው» ይላል፤ ሌላው የሥጋ ደዌን ስም ይጠራል። ቁንጭር የተባለው የቆዳ ሌሽማንያሲስ ብዙ ጊዜ ጠባሳ ትቶ በራሱ ይድናል። የሥጋ ደዌ ግን በጊዜ ካልታከመ ነርቭን ይጎዳል፤ በስሙ ብቻ ሰው ከማኅበር ይገለላል። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ አንድ ነው፦ ሁለቱን ለመለየት የሚያስፈልገው መሠረታዊ መሣሪያ የወባና የቲቢ ምርመራ በሚሰጥ ጤና ጣቢያ ሁሉ አለ።

የአካባቢው ሁኔታ

ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 331 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ጊምቢ፣ ነጆና ደምቢ ዶሎም ከ1,500 ሜትር በላይ ናቸው። በአገራችን የቁንጭር ዋና መንስኤ የሆነው ሌሽማንያ ኤትዮፒካ በአብዛኛው የሚገኘው ከ1,400 እስከ 2,700 ሜትር ባለው ከፍታ፣ ሽኮኮ በሚኖርባቸው ገደላማና ዓለታማ ቦታዎች ነው። ከሽኮኮ ወደ ሰው የምታሻግረው የአሸዋ ዝንብ ናት። በእንዶድ ምርምራቸው የሚታወቁት አክሊሉ ለማና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተሙት የደጋ ሌሽማንያሲስ ጥናት፣ የወለጋዋ አለኩ ከተጠኑት ቦታዎች አንዷ ነበረች።

በዓይንና በእጅ

ሐኪሙ የታማሚውን ዓይን ያስጨፍንና በጥጥ ጫፍ ቆዳውን ይነካል፤ ታማሚው የተነካበትን ቦታ በጣቱ ያሳያል። የሥጋ ደዌ ባለበት ቦታ ስሜት ይጠፋል፤ ከክርን በስተጀርባ የሚያልፈውም ነርቭ ሲዳሰስ ወፍሮ ይገኛል። በሌሽማንያሲስ ሁለቱም አይታዩም። ነገር ግን እባጭ በሚበዛበት የሥጋ ደዌ ዓይነት ስሜት መጀመሪያ ላይ ላይጠፋ ይችላል። በሰውነት ላይ የሚሰራጨው ሌሽማንያሲስም ሳይቆስል ፊትን በእባጭ ስለሚሸፍን ይህንኑ ይመስላል። ስለዚህ ጥጡ ብቻውን አይፈርድም።

ሌሎች በሽታዎችም መታሰብ አለባቸው። ታሞ የሞተ ከብት የገፈፈ ሰው እጁ ላይ በቀናት ውስጥ ሕመም የሌለው፣ ዙሪያው ያበጠ ጥቁር ቅርፊት ከታየ አባ ሰንጋ ይጠረጠራል። አንገት ላይ አብጦ የፈረጠ ዕጢ ቲቢን ያስጠረጥራል። የእግር ጣት ላይ ያለ፣ መሐሉ ጥቁር ነጥብ የሆነ እባጭ ሙጀሌ ሊሆን ይችላል። ያበጠና በብዙ ቀዳዳ እንደ ፍርፋሪ ያለ ፈሳሽ የሚያወጣ እግር ደግሞ ወደ ማይሴቶማ ያመለክታል።

በማይክሮስኮፕ

ናሙናው ከቁስሉ መሐል አይወሰድም፤ መሐሉ መግልና ሌላ ባክቴሪያ ይበዛበታል። ባለሙያው ጠርዙን ያጸዳል፣ ደም እንዳይመጣ በሁለት ጣት ቆንጥጦ ይይዛል፣ በስለት ትንሽ ሰንጥቆ ይፍቅና በሁለት ስላይድ ላይ ይቀባል። የመጀመሪያው ስላይድ ለወባ በሚያገለግለው ጊምሳ ይቀለማል፤ የሌሽማንያ ጥገኛ ተሕዋስያን በሕዋሳት ውስጥ እንደ ትናንሽ እንቁላል ሆነው ይታያሉ። ሁለተኛው ለቲቢ በሚውለው በዚል ኒልሰን ዘዴ ይቀለማል። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ቀለሙን ከቲቢው ይልቅ ቶሎ ስለሚለቅ፣ የሚታጠብበት አሲድ መቅለል አለበት። ባክቴሪያዎቹ ካሉ እንደ ችቦ ታስረው ቀይ ሆነው ይታያሉ።

ተሕዋስያን አለመታየታቸው ግን ከበሽታው ነፃ ያደርጋል ማለት አይደለም። ቁስሉ በቆየ ቁጥር ሌሽማንያ ይመነምናል፤ አንዳንዱ የሥጋ ደዌ ዓይነትም በስላይድ አይገኝም። ያኔ ታማሚው ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ሊላክ ይገባዋል።

መደምደሚያ

የሥጋ ደዌ መድኃኒት በነፃ ይሰጣል፤ እንደ ዓይነቱ በ6 ወይም በ12 ወር ያልቃል። የሌሽማንያሲስ ሕክምና ሌላ ነው። የአንዱን ታማሚ በሌላው መድኃኒት ማቆየት ጊዜውን፣ ከዚያም መልኩን ወይም እጁን መንጠቅ ነው። የወለጋ ጤና ጣቢያዎች ኃላፊዎች፣ የላቦራቶሪ ባለሙያዎቻችሁን ከቁስል ጠርዝ ናሙና መውሰድ አሠልጥኑ። ማቅለሚያው በመደርደሪያችሁ ላይ አለ።